የትኛውን ሌንስ ልሽጥ፣ የትኛውን ልያዝ?

ባለፈው መስከረም ቁም ሳጥኔን ሳስተካክል አንዲት 75-300 ሌንስ እጄ ላይ መጣች። ጠፍታብኝ አልነበረም፤ እዚያ እንዳለች አውቃለሁ። ብቻ ሁለት ክረምት ሙሉ ከቆዳ ማህደሯ አላወጣኋትም። የስልኬን ባትሪ አብርቼ በጀርባዋ በኩል ወደ ውስጥ ሳይ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። ፈንገስ! ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ሳሎን ድረስ እንደሚገባ የከተማው ሰው ያውቀዋል። የተዘጋ ቁም ሳጥን፣ ቆዳ ማህደር፣ ጨለማ... ፈንገስ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ያገኛል? በጊዜው ብሸጣት ደህና ብር ታወጣልኝ ነበር። አሁን ጉዳቷን ተናግሬ፣ ጥገና ልለማመድባት ላለ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በነጻ በሚባል ዋጋ ሰጠኋት።

ይሄን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት አራት ሌንስ ይዛችሁ የትኛው ይሸጥ፣ የትኛው ይቀመጥ፣ በብሩስ ምን ይገዛ ለምትሉ፣ በተለይ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ልደትና ምርቃት እያነሳችሁ ለምትኖሩ።

መጀመሪያ ፎቶዎቻችሁን ጠይቁ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሌንሱን እያየን ስለምንወስን ነው። አንዱ «70-200 የሌለው ሰው ፎቶ አንሺ ነኝ አይበል» ይላል። ሌላው ዩቲዩብ ላይ የሰማውን ይደግማል። እኛም ብር መቁጠር እንጀምራለን። ከዛ በፊት እስከዛሬ የሠራችሁት ሥራ ይጠየቅ።

ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ካላችሁ ላይብረሪ ውስጥ ሜታዳታ የሚለውን ማጣሪያ ክፈቱና ሌንስ እና ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሊ፤ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል) የሚሉትን ምረጡ፤ ስንት ፎቶ በየትኛው ሌንስ፣ በስንት ሚሊ እንደተነሳ ቆጥሮ ያስቀምጥላችኋል። ላይትሩም ከሌለ ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ። ይሄኛው አንድ በአንድ ስለሆነ ያደክማል፤ ግን ሃምሳ ፎቶ ካያችሁ ጠባያችሁ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ፦ ለደንበኛ የሰጣችሁትን ቁጠሩ። የተነሳውን ሁሉ ከቆጠራችሁ ያቺ ዙም እየተደረገች በዘፈቀደ የተተኮሰባት ሌንስ ታሸንፋለች።

ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣውን 18-55 የኪት ሌንስ ይዞ ፎቶው በሙሉ 18 ላይ የተከመረበት ሰው፣ ጀርባው ግድግዳ እየነካ ያነሳ ሰው ነው። እሱ የሚያስፈልገው ሰፊ ሌንስ ነው፤ ስለ ቴሌ፣ ስለ ረጅሙ ሌንስ፣ አያስብ። 55 ላይ የተከመረበት ሰው ወይ መቅረብ ፈልጎ አልቻለም፣ ወይ ለመቅረብ ሰንፏል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ ሁለት እርምጃ ወደፊት ብር አይጠይቅምና። የኔ ሲታይ ከ24-70ዋ የወጡት ፎቶዎች ግማሹ 24 አካባቢ፣ ግማሹ 70 ላይ ነበሩ። መሃሉ ወና። እንዲህ ከሆነ ዙሟን ሸጦ ሁለት ፕራይም (ዙም የማያደርግ ሌንስ) መያዝ ይቻላል ማለት ነው። እኔ አላደረግኩትም፤ ሰርግ ላይ ሌንስ ስቀይር ሙሽራው ቀለበቱን አጥልቆ ይጨርሳል ብዬ ፈርቼ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ምንም የሚያስፈራው ነገር የለም።

ቁጥር የማይነግራችሁ ነገርም አለ። በዓመት አንዴ ብቻ የምትወጣ ግን በዚያች አንድ ቀን የምታበላ ሌንስ ትኖራለች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅ ከገመድ ጀርባ ቆማችሁ መድረክ ላይ ያለውን ልጅ ማንሳት ካለባችሁ ረጅም ሌንስ የግድ ነው። ግን ለአንድ ቀን ብሎ ከመግዛት ከጓደኛ መከራየት አይሻልም? እኛ ጋ ፎቶ አንሺው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። መታወቂያ አስይዞ፣ ከተሰበረ ምን እንደሚከፈል ቀድሞ ተነጋግሮ መውሰድ ነው።

ሳሎኑ ስንት ሜትር ነው?

ስለ ሌንስ የሚወራው ብዙው ነገር ሰፊ ቦታ ላለው አገር የተወራ ነው። የኛ ሥራ ግን ሳሎን ውስጥ ነው። መልስ ሄዳችሁ አስቡት፦ ሶፋው ዙሪያውን ተደርድሯል፣ መሃል ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ረከቦትና ሲኒ፣ በሩ ላይ የጎረቤት ልጆች። ከሙሽሮቹ ቢበዛ ሦስት ሜትር ትርቃላችሁ።

እዚያ 50 ሚሊዋን ክሮፕ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል አነስ ያለበት) ባለው ካኖን ላይ ስትገጥሙ በሦስት ሜትር የሚገባላችሁ የጎን ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ። ሚዜ የለም፣ እናት የለችም። 24 ሚሊ ብታደርጉት 2.8 ሜትር ይሆናል፣ 18 ላይ 3.7 ሜትር። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የሴንሰሩን ስፋት በሌንሱ ሚሊ አካፍሎ በርቀቱ ማባዛት። የካኖን ክሮፕ 22.3 ሚሊ ነው፣ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር 36 ሚሊ። ለዚህ ነው ፉል ፍሬም ላይ 50ዋ የተመቸችው ሰው ለክሮፕ ባለቤት «50 ግዛ፣ አትጸጸትም» ሲል በከፊል የሚያሳስተው። በካኖን ክሮፕ 50 ማለት እንደ 80 ነው፣ በኒኮንና በሶኒ ክሮፕ እንደ 75። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ናት። ለቤተሰብ ፎቶ ግን በመስኮት ታስወጣችኋለች።

ሜትር ገዝታችሁ ዙሩ አላልኩም። የራሳችሁን ሳሎን ለኩና ያላችሁን ሌንስ በየሚሊው እየሞከራችሁ ምን እንደሚገባ እዩ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ብርሃን ላይ ደግሞ አልደራደርም

ደሴ በክረምት ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ መሽቷል ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ዲጄው ሐምራዊ መብራት ያበራል፣ ወይ መብራት ይሄድና ጄነሬተር እስኪነሳ ሁሉም ስልኩን ያበራል። ኪት ሌንሳችሁ 55 ላይ ስትደርስ ኤፍ 5.6 ናት፤ ኤፍ የብርሃን ቀዳዳዋ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ያቺ ትንሿ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ከሷ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ታስገባለች። ኪቷ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 6400 የጠየቀችበትን ቦታ 50ዋ በ640 ትጨርሰዋለች። ይሄ ልዩነት በዓይን ይታያል፤ አንደኛው ጤፍ የተበተነበት የመሰለ ፎቶ፣ ሌላኛው ንጹህ።

ግን 1.8 ላይ አትቆዩባት። እኔ የጀመርኩ ሰሞን ያየሁትን ሁሉ በ1.8 አነሳ ነበር፣ ጀርባው ሲደበዝዝ ደስ ይለኛል። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ ቆሟል። እሱ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ሙሽሪት ግን ብዥ። የሙሽሪት እህት አልበሙን ገልጣ «እሱን ነው እንዴ ያገባኸው?» ብላኛለች። ለሁለት ሰው ከ2.8 በላይ፣ ተደርድሮ ለቆመ ቤተሰብ 5.6 እና ፍላሽ። ስለዚህ ኤፍ 1.4 ያላትን ለመግዛት ብዙ ብር ልጨምር የሚል ካለ፣ ለዚህ ሥራ አትጨምሩ እላለሁ። ያንን ብር ፍላሽ ላይ አውሉት።

ታዲያ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

የኪት ሌንሷን ያዟት። ጥሩ ስለሆነች አይደለም፣ ብትሸጧት ምንም ስለማታመጣ ነው። ቦዲውን የምትሸጡ ቀን ከሷ ጋር ቶሎ ይሄዳል። ርካሿን 50 ኤፍ 1.8 የሌለው ይግዛ። የክሮፕ ባለቤት ሆናችሁ ሰርግ የምትሠሩ ከሆነ ቀጥሎ የሚገባው እንደ ሲግማ ወይ ታምሮን 17-50 ያለ፣ ዙም ቢደረግም ኤፍ 2.8 ላይ የሚቆይ ሌንስ ነው። ሳሎኑንም ይችላል፣ አዳራሹንም። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፣ ቀሪው ትርፍ ነው።

እንደኔዋ 75-300 ያሉት ርካሽ ረጃጅም ሌንሶች በብዛት መሸጥ ያለባቸው ናቸው። ጨለማ ናቸው፣ 300 ላይ እጅ ትንሽ ከነቃነቃቸው ፎቶው የለም፤ ቢያንስ የሸተር ፍጥነታችሁ ከሚሊው በታች አይውረድ ይባላል፣ በክሮፕ ከሆነ 300ው እንደ 480 ስለሚቆጠር አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ያንን ብርሃን ከየት ታመጣላችሁ? የጦሳን ተራራ ከፒያሳ አቅርቤ ላንሳ ብላችሁ እንዳትይዟት ደግሞ፤ በረጅም ሌንስ ጉም ሲቀርብ ጉም ነው የሚሆነው።

70-200 ኤፍ 2.8 ሌላ ታሪክ ነው። ሐይቅ ዳር ሙሽሮችን አቁሞ በ200 ሲያነሱ ውሃውና ማዶው ተራራ ጀርባቸው ላይ ቀረብ ብለው ይመጣሉ፣ ሰው ይወደዋል። ግን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይከብዳል፣ ዋጋውም የዚያን ያህል። ኤፍ 4ቷ ግማሽ ያህል ነው የምትመዝነው፤ ውጭ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ትበቃለች። እኔ የምለው፣ በወር ስንት ቀን ውጭ እንደምትሠሩ ሳታውቁ 2.8ቷን አትግዙ። አንገታችሁ ይመሰክራል።

አንዲት ልሽጣት የማልችላት ሌንስ አለችኝ፣ 35 ሚሊ። ቁጥሩ በግልጽ ሽጣት ይላል። እናቴ ረከቦት አጠገብ ተቀምጣ እሳት ስታራግብ ያነሳኋት በሷ ነው። ተዉኝ እስኪ።

ማውንት (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት)፦ ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ

አንድ የማውቀው ልጅ ለኒኮን ዲ3500 ካሜራው 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ገዛ። ተበላሽታለች ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ፎከስ አታደርግም። አልተበላሸችም። የገዛው መጨረሻዋ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ያለባትን ነው። እሷ የራሷ ሞተር የላትም፣ ካሜራው እንዲያዞራት ትጠብቃለች፤ ዲ3500ም ሆነ ዲ5600 ደግሞ ውስጣቸው ሞተር የለም። መግዛት የነበረበት «ጂ» ያለባትን ነበር። አንዲት ፊደል፣ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ።

ካኖን ቀለል ይላል። ከ1987 ጀምሮ በኢኤፍ ማውንት የተሠራ ሌንስ በ2018 በመጣው አርኤፍ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ላይ በአዳፕተር በደንብ ይሠራል። የተገላቢጦሹ አይሆንም፤ አርኤፍ ሌንስ አሮጌው ካሜራ ላይ አይገባም። ስለዚህ «ወደ ሚረርለስ ስለምሄድ ኢኤፎቼን ሁሉ ልሽጥ» የምትሉ አትቸኩሉ። አዳፕተር ግዙና ሌንሱን ቀስ ብላችሁ ቀይሩ። እዚህ የማያቸው ፎቶ አንሺዎች ብዙዎቹ ገና በአሮጌው ላይ ናቸው፣ ገዢ አለ። ክሮፕ ቦዲ ይዛችሁ ነገ ፉል ፍሬም እገዛለሁ የምትሉ ግን ለክሮፕ ብቻ የተሠራውን፣ ኢኤፍ-ኤስ ወይም በኒኮን ዲኤክስ የሚለውን፣ አሁን ውድ ብር አታውጡበት።

ብሩ

ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ከመቶ አለፈ። ይሄ ለኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የገዛችሁበት ዋጋ ዛሬ ምንም አይነግራችሁም። «በዚህ ነው የገዛሁት» ብላችሁ በዚያው የሸጣችሁ እንደሆነ ተበላችሁ። ሁለተኛ፣ ሸጣችሁ ብሩን ይዛችሁ እያሰባችሁ ከተቀመጣችሁ የምትፈልጉት ሌንስ ጥሏችሁ ይሄዳል። መጀመሪያ የምትገዙትን ሰው አግኙ፣ ዋጋ ጨርሱ፣ ከዚያ ሽጡ። ልዋጭ ከተገኘም ጥሩ ነው፤ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ጭማሪውን መክፈል።

ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን አትመኑ። እሱ ሻጩ የተመኘው ነው። በስንት ሄደ ብላችሁ በቅርቡ የሸጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቁ። ስትሸጡ ጉድለቱን ፎቶ አንስታችሁ ራሳችሁ ለጥፉ፤ ገዢው ራሱ ካገኘው ከጉድለቱ በላይ ነው የሚቀንስባችሁ። ክፍያ በባንክ ከሆነ ደግሞ ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት ተዉት፣ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ሌንሱን ከዚያ በኋላ ስጡ።

ያገለገለ ስትገዙ

የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱንም ክዳን አውጥታችሁ የስልክ ባትሪ በአንድ በኩል አብሩ፣ በሌላው በኩል እዩ። አቧራ ከሆነ አትጨነቁ፣ የሌለበት ሌንስ የለም። ድር የመሰለ ወይም ጉም የመሰለ ነገር ካለ ተመለሱ። የፊት መስታወት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ አትታይም፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ትጠቅማለች፤ የኋላው ላይ ያለች ጭረት ግን ታስፈራኛለች። ከዚያ አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) ኤፍ 8 አድርጋችሁ አንሱ፣ እያነሳችሁም ከፊት በኩል ቢላዎቹን እዩ። ዘይት ካለባቸው ይንቀራፈፋሉ። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፣ አሸዋ እንደገባበት የሚንኳኳ ከሆነ የወደቀ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፉና ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንሱት። ኮምፒውተር ላይ አቅርባችሁ አራቱን ጥግ አስተያዩ። ሦስቱ ጥግ ተነቦ አንዱ ብዥ ካለ ውስጡ ያለው መስታወት ዘምሟል። ሻጩ «እሱ ሁሉም ላይ አለ» ይላችኋል። የለም።

ሲሪያል ቁጥሩን ከቀብድ በፊት በፎቶ ውሰዱ። የ2014ቱ ጦርነት እዚህ አካባቢ ስንት ሰው ዕቃ እንዳሳጣ ታውቃላችሁ። ተፍቆ የጠፋ ቁጥር ያለበትን ሌንስ በርካሽ ቢሰጡኝም አልወስድም። የራሳችሁንም ቁጥሮች ዛሬውኑ ጽፋችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩ።

የቀሩትን ደግሞ በቆዳ ማህደር አታስቀምጧቸው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ ከጫማ ካርቶን የሚወጡት እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች፣ በቃ። ከረጢቶቹ ስለሚጠግቡ ቀያይሯቸው። በሳምንት አንዴ አውጥታችሁ ብርሃን አሳዩአቸው፣ ሁለት ፎቶ አንሱባቸው። ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ ለሥራ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ እንደደረሳችሁ ቦርሳውን አትክፈቱ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ነው የምትወርዱት። የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኝ ላብ ይይዘዋል፣ ውስጡም ጭምር። ቦርሳው እንደተዘጋ ሻይ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ያ 75-300ዋን የወሰደው ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ፈንገሱን ጠርጎ መልሶ ገጥሟታል፣ ፎከስም ታደርጋለች አለ። አንድ ብሎን ተርፎታል።